ራምቦ ቤት የሚሉት ልጆች አልተሳሳቱም

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መጽሐፍና ስለ ፊልም ናቸው። በተለይ ከሐረርና ከድሬ። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ሁሉ ትተን እነሱን እንመልስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ሰላም ወንድሜ። ተወልጄ ያደግኩት ጁገል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረችው የድሮዋ ሐረር ነው። የሰፈራችን ልጆች ቱሪስት ሲያዩ "ራምቦ ቤት! ራምቦ ቤት!" እያሉ ይከተላሉ። ባለፈው አንድ አስጎብኚ "እሱ የፊልሙ ነው፣ ይሄኛው ባለቅኔ ነው፣ አታምታቱ" ብሎ ሲቆጣቸው ሰማሁ። እውነት ሁለቱ ምንም አይገናኙም? ደግሞስ ሰውየው እዚያ ቤት ውስጥ ኖሯል?»
የፈረስ መጋላ አንባቢ

ይገናኛሉ! ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ኖሬያለሁ።

እኔ ድሬ ነው ያደግኩት። ያኔ ቪዲዮ ቤት ገብተን፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበን ያየነው ያ ጡንቸኛ ወታደር መጀመሪያ የፊልም ሰው አልነበረም። የልብ ወለድ ሰው ነበር። መጽሐፉን የጻፈው ዴቪድ ሞረል የሚባል ደራሲ ነው፤ የታተመው በ1972፣ ፊልሙ የወጣው ደግሞ በ1982 ነው። ሞረል ከቬትናም ጦርነት ለተመለሰው ወታደር የሚሆን ስም ጠፍቶት ነበር። በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ለትምህርቱ የፈረንሳዩን ባለቅኔ የአርተር ራምቦን ግጥም እያነበበ። ሚስቱ ከገበያ ፖም ገዝታ ትመጣለች፤ የፖሙ ዓይነት ስም «ራምቦ» ነው። የፖሙና የገጣሚው ስም ጆሮው ላይ ገጠሙ። የወታደሩ ስም እንደዚያ ተወለደ። ይህን ራሱ ሞረል ነው የተናገረው። የገጣሚው አንድ ሥራ ርዕሱ በገሃነም ስለሚያልፍ ወቅት ነው፤ ሞረልም ምርኮና ጦርነት ላደቀቀው ገጸ ባሕሪው የሚስማማ ሆኖ አግኝቶታል።

በፈረንጅ ፊደል የሁለቱ ስም አጻጻፍ ይለያያል። በእኛ ፊደል ግን ሁለቱም ያው «ራምቦ» ናቸው። ልጆቹ የሚጮኹት ትክክለኛውን ስም ነው፤ አስጎብኚው በሚቀጥለው ጊዜ ከመቆጣት ይልቅ የፖሙን ታሪክ ቢነግራቸው ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ልጨምርልህ፦ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ወታደሩ ይሞታል። በፊልሙ ግን ይተርፋል። ባይተርፍ ኖሮ ተከታዮቹ ፊልሞች ባልተሠሩ፣ የሐረር ልጆችም ስሙን ባልሰሙት ነበር።

ወደ ቤቱ ልምጣ። አይ፣ እዚያ ቤት ውስጥ አልኖረም። ባለቀለም መስታወት ያለው፣ በእንጨት ሥራ የተዋበው ያ ትልቅ ቤት አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ የተሠራውም ገጣሚው ከሞተ በኋላ ነው። ራምቦ ሐረር የገባው በ1880 መጨረሻ ነው። ኤደን ወደብ ላይ ለነበረ የቡናና የቆዳ ነጋዴ ድርጅት ተቀጥሮ መጣ። እየሄደ እየተመለሰ እስከ 1891 ቆየ። ግጥም መጻፍ ያቆመው ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ስለሆነ፣ ሐረር ያወቀችው ነጋዴውን እንጂ ገጣሚውን አይደለም። ከዚህ ሆኖ የጻፈው ለቤተሰቡ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤው ደግሞ ስለ ዋጋ፣ ስለ መሰላቸት፣ ስለ ገንዘብ ነው። ስለ ኦጋዴን ያዘጋጀው ሪፖርትም በ1884 በፈረንሳይ የጂኦግራፊ ማኅበር ታትሟል። ካሜራ አስመጥቶ ፎቶም አንስቷል፤ የራሱንም ምስል ጭምር። በመጨረሻ ጉልበቱ ታሞ በቃሬዛ ተሸክመውት ዘይላ ወደብ ወረደ፣ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፣ ኅዳር 1891 በ37 ዓመቱ ሞተ።

በ1995 ሌኦናርዶ ዲካፕሪዮ ራምቦን ሆኖ የተጫወተበት ፊልም አለ፤ አግኔሽካ ሆላንድ የምትባል ፖላንዳዊት ናት ያዘጋጀችው። ፊልሙ የተነሳው ከመድረክ ድራማ ነው። አብዛኛው ታሪክ ፓሪስ፣ ለንደንና ብራስልስ ላይ ነው፣ ከገጣሚው ከቬርሌን ጋር የነበረው ግንኙነት ላይ። የእኛ አገር መጨረሻ ላይ ትመጣለች። እኔን ያሳዘነኝ ይሄ ነው። አሥር ዓመት የሚሆን ዕድሜው እንደ ጭራ ተቀጥሎ ሲቀር ያሳዝናል። ጃሚ የሚባል የሐረር ልጅ ነበር፣ አገልጋዩ። ሰውየው አልጋው ላይ ሆኖ ሲሞት ስሙን እያነሳ ነበር፣ ሦስት ሺህ ፍራንክም ተናዞለታል፤ ጃሚ ግን ገንዘቡ ሳይደርሰው ሞተ። እኔ ፊልም ሠሪ ብሆን የምጀምረው ከጃሚ ነበር።

ቤቱን ግን ሄዳችሁ እዩት። ሙዚየም ነው። እኔ ውስጡን የምወደው ለራምቦ ብዬ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ላሉት የድሮዋ ሐረር ፎቶዎች ብዬ ነው።

«ሁሌ ሐረር፣ ሐረር ይባላል። ድሬስ? ባቡር ጣቢያችን ብቻ ነው እንዴ ታሪክ ያለው? አቦ፣ እኛንም አስታውሰን እንጂ።»
የከዚራ ልጅ

አቦ እንዴት ትረሳለህ ብለህ! እኔም የድሬ ልጅ ነኝ።

ሁለት ሰዎች ልስጥህ። ሁለቱንም አድንቄ ብቻ አልናገርም፤ ለምን እንደሆነ ታያለህ።

የመጀመሪያው ሁጎ ፕራት ነው። ኮርቶ ማልቴዘ የሚባለውን መርከበኛ የፈጠረ ጣልያናዊ የሥዕል ታሪክ ደራሲ። አውሮፓ ውስጥ ይህን ገጸ ባሕሪ የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ፕራት ወደ አገራችን የመጣው በ1937 ነው፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ከእናቱ ጋር፣ ከወራሪው ጦር ጋር ወደ ተሰለፈው አባቱ። እንግሊዞች ጣልያንን ሲያስወጡ አባቱ ተማረከ፣ በ1942ም በምርኮ ላይ እያለ በበሽታ ሞተ። ልጁና እናቱ የታሰሩት የት መሰለህ? ድሬዳዋ፣ የምርኮኞች ካምፕ ውስጥ። እዚያ ሆኖ ከጠባቂዎቹ የሥዕል መጽሔት እየገዛ ያነብ ነበር። አስበው! የድሬ ሙቀት፣ የሽቦ አጥር፣ አባቱን ያጣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ በእጁ የሥዕል መጽሔት። ከዚያ ቀይ መስቀል ወደ ጣልያን መለሰው። ካደገ በኋላ ኮርቶን ወደ አፍሪካ ቀንድ አመጣው፤ ኢትዮጵያውያን በሚል ርዕስ የተሰበሰቡ ታሪኮች አሉት፣ ኩሽ የሚባል ኩሩ ተዋጊም ፈጥሯል፣ ከኮርቶ ጋር እኩል ቆሞ የሚከራከር። የኮርቶ ታሪኮች በ2002 የአኒሜሽን ፊልም ሆነዋል። ካምፑ የነበረበትን ቦታ የሚያመለክት ምልክት ብናቆም እኔ ደስ ይለኛል። የወራሪ ልጅ ነበር፣ እውነት ነው። ግን የታሰረ ልጅም ነበር፣ ሁለቱንም መጻፍ ይቻላል።

ሁለተኛው አንሪ ደ ሞንፍሬ ነው። ፈረንሳዊ፣ በጅቡቲና በቀይ ባሕር ላይ ዕንቁ፣ መሣሪያና ሐሺሽ የነገደ። ድሬዳዋ ውስጥ የዱቄት ወፍጮና የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበረው። ስለ ቀይ ባሕር ሚስጥሮች የጻፈው መጽሐፍ በ1937 ፊልም ሆነ፣ ኋላም የፈረንሳይ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሠራበት። ግን ንጉሡ በ1933 ከአገር አስወጥተውታል፣ ጣልያን ሲወርረን ደግሞ ከወራሪው ጎን ቆሞ የጻፈ ሰው ነው። መጽሐፉን ስታነብ ይህን ይዘህ አንብብ። ባሕሩን አሳምሮ ይጽፋል፣ እኛን ሲያይ ግን ዓይኑ ንጹህ አይደለም።

«ስለ እንግሊዛዊው በርተን ፊልም አለ ይባላል። ሐረርን ያሳያል?»
ከሸዋ በር

አሳሹ በርተን ሐረር የገባው በጥር 1855 ነው፣ አሥር ቀን ቆየ፣ መጽሐፉን በ1856 አሳተመ። አንተ ያልከው የ1990 ፊልም ስለ በርተንና ስለ ጉዞ ጓደኛው ስፒክ ከተጻፈ ልብ ወለድ የተሠራ ሲሆን ትኩረቱ የናይልን ምንጭ ፍለጋ ነው። ሐረርን ፈልገህ ከሆነ መጽሐፉ ይሻልሃል። ስለ ሕዝቡ የጻፈው ብዙው ስድብ ነው፣ አስቀድሜ ልንገርህ፤ ስለ ከተማዋ አቀማመጥና ስለ ቋንቋው የመዘገበው ግን ይጠቅማል።

«እህቴ ከካናዳ ስትመጣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ልብ ወለድ አመጣችልኝ፣ ስለ ሐረር። ከዚያ ፊልሙንም አየሁ። መጽሐፉ ላይ አለቀስኩ፣ ፊልሙ ላይ ግን ምንም አልተሰማኝም። ችግሩ እኔ ነኝ?»
አንዲት መምህርት፣ ከሐረር

እህቴ፣ ችግሩ አንቺ አይደለሽም። የምትይው የካሚላ ጊብ መጽሐፍ መሆን አለበት፣ በ2005 የወጣው። ጊብ የአንትሮፖሎጂ ሰው ናት፤ ለዶክትሬቷ ሐረር መጥታ ከሰው ቤት ኖራ አጥንታለች። ለዚያ ነው መጽሐፏ ውስጥ የቤቱ ሽታ ያለው። ነደባው ላይ፣ በሐረሪ ቤት መደብ ላይ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ሴቶች ሲሰበሰቡ ምን እንደሚባል፣ ቁርአን የሚቀሩ ልጆች ድምፅ። ዋና ገጸ ባሕሪዋ ሊሊ ወላጆቿን በልጅነቷ ያጣች ነጭ ናት፣ ሞሮኮ ውስጥ በሱፊዎች እጅ ያደገች፣ በኋላ ሐረር የምትደርስ። ከዚያ አብዮቱ ይመጣል፣ እሷም ለንደን ትገባለች፣ ከስደተኞች ጋር።

ፊልሙን በ2019 ያዘጋጀው የእኛው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነው። ዳኮታ ፋኒንግ ሊሊን ሆና ተጫውታለች። ፊልሙ ሲወጣ ቅሬታ ተነሳ፤ ስለ ኢትዮጵያ ሙስሊሞች ታሪክ ሲሠራ ለምን በነጭ ሴት ዓይን ይታያል የሚል። ቅሬታው ይገባኛል። ነገር ግን ገጸ ባሕሪዋ መጽሐፉ ውስጥም ነጭ ናት፤ ጥያቄው ለአዘጋጁ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት የቱ ታሪክ ገንዘብ ያገኛል ለሚለውም ጭምር ነው።

አንቺ ያልተሰማሽ ለምን እንደሆነ ግን እኔ የምገምተው ሌላ ነው። መጽሐፉ ዓመታትን በዝግታ ይሄዳል፣ ሊሊ ጎረቤቶቿ እስኪቀበሏት ምን ያህል እንደፈጀባት አንቺም አብረሽ ትጠብቂያለሽ። ፊልም ያን ጊዜ የለውም። ሐረር ደግሞ ሰው ቶሎ ገብቶ የሚወጣባት ከተማ አይደለችም። መጽሐፉን ለተማሪዎችሽ አንብቢላቸው። አንድ ምዕራፍ ብቻ፣ ጮክ ብለሽ። ድሮ በሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርክልን እንዴት እንደምንሰማ አስታውሺ፤ መብራት አጥፍተን ነበር የምንሰማው።

«እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ። በስልኬ አጫጭር ቪዲዮ እሠራለሁ። የፈረንጅ መጽሐፍ ላይ የተመሠረተ ሳይሆን የኛን ታሪክ ፊልም ማድረግ እፈልጋለሁ። ግን መጽሐፍ የለንም፣ ከየት ልጀምር?»
የቀፊራ አንባቢ፣ ድሬዳዋ

አንተን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩህ የቀረውን ቦታ ሁሉ ልሰጥህ ፈልጌ ነው።

መጽሐፍ የለንም አትበል። ቢያንስ አንድ ስም ያዝ፦ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም። በልጅነታቸው በራስ መኮንን ቤት ሐረር የኖሩ ናቸው፣ ኋላ ሩሲያ ተምረው ተመለሱ፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር ጻፉ። የሕይወት ታሪካቸው በአማርኛ ታትሟል። የዚያን ጊዜዋን ሐረር በልጅ ዓይን ታያለህ። እዚያ ውስጥ ስንት ትዕይንት እንዳለ ስታነብ ትቆጥራለህ።

ግን ትልቁ መጽሐፍ ያልተጻፈው ነው። ጄሲካ በሽር የምትባል ያደገችው ሐረር የሆነች ፊልም ሠሪ አለች። በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ከአገር ወጣች፣ ካደገች በኋላ ካሜራ ይዛ ተመለሰች። በ2017 ሐረር ላይ ጅብ የሚቀልበውን ሰው በአጭር ፊልም ሠራች። በ2021 ደግሞ ፋያ ዳዪን፣ በጥቁርና ነጭ፣ ስለ ጫትና ስለ ወጣቱ። ለዚህ ፊልም አሥር ዓመት ደክማለች። መነሻዋ ምንድነው ብትለኝ ከሱፊዎች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የሐረር አፈ ታሪክ ነው፣ የሕይወትን ውሃ ፍለጋ የሚሄዱ ሰዎች ታሪክ። ከፈረንጅ መጽሐፍ ያልተወሰደ። በርጫ ላይ፣ በሱፊዎች ውዳሴ በዚክሪ ላይ የሚነገር። እሷ ያን ታሪክ ከገበሬው ምርቃናና በጀልባ መሄድ ከሚያስበው ልጅ ጋር አገናኘችው። እኔ ሳየው ሐረርጌን ሳይሆን አያቴን ያየሁ ነው የመሰለኝ። ፈልገህ እየው፣ ከተቻለ ሁለት ጊዜ፤ መጀመሪያ ለታሪኩ፣ ሁለተኛ ድምፁን ለመስማት።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። በአሹራ ሰሞን ሐረር ውጣ፤ ከድሬ በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ለጅቦቹ ገንፎ ይቀርባል፤ ከግማሽ በላይ ከበሉ ዓመቱ ጥጋብ ነው ይባላል። ግን ጅቡን አትቅረጽ። ጅቡን ሁሉም ሰው ቀርጾታል። ገንፎውን የምታገነፋውን ሴት ቅረጽ። ለምን እንደምትሠራ፣ ከማን እንደተማረች፣ እናቷ በየትኛው ዓመት ጅቡ ሳይበላ ቀርቶ እንደደነገጠች ጠይቃት። ቅቤው ሲቀልጥ ድምፁን ያዝ። ግጥም የምታውቅ ከሆነ አቋርጠህ ጥያቄ አትጨምር፣ ስትጨርስ ዝም ብለህ ትንሽ ጠብቅ፤ ሰው ዋናውን ነገር የሚናገረው ካሜራው የጠፋ ሲመስለው ነው። ከመጀመርህ በፊት ግን ፈቃዷን ጠይቅ፣ የተቀረጸውንም መልሰህ አሳያት።

ስልክህ ላይ ያለው ካሜራ ይበቃል። ድምፅ ግን አይበቃም፣ የአንገት ማይክራፎን ፈልግ፤ ቀፊራ ውስጥ ዞር ዞር ካልክ ርካሽ አታጣም። ስትጨርስ ላክልኝ፣ አያለሁ።