ካኔን በጠረጴዛ ላይ ስትጫወት ሮማዊውን ሞኝ አታድርገው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የካርቴጁ የጦር መሪ ሐኒባል ሮማውያንን ከብቦ የደመሰሰበትን የካኔን ጦርነት ከጓደኛህ ጋር በትንንሽ የወታደር ምስሎች ሁለት ጊዜ ሞክራችሁ ሁለቱንም ሮማውያን አሸነፉ። መጀመሪያ ሰልፋቸውን ዘርግተው ሐኒባልን ከጎን ከበቡት፣ በሁለተኛው ደግሞ ጭራሹን ከቦታችን አንንቀሳቀስም አሉ። «ሮማዊው ወደ ወጥመዱ እንዲገባ የሚያስገድድ ሕግ ልጨምር? ስንት ምስልስ ያስፈልገኛል?» ነው ያልከው። እኔ በዚሁ ጦርነት ሦስት ዓመት ተንገላትቻለሁና የደረሰብኝን ልንገርህ።

የማስገደጃ ሕግ አትጨምር። እኔ ጨምሬ ነበር። «የሮማ እግረኛ በየተራው ወደፊት ይሄዳል» ብዬ ጻፍኩና ጓደኛዬ በአራተኛው ተራ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ «ምስሎቹን አንተው ግፋቸው፣ እኔ ሻይ ላፍላ» አለኝ። እውነቱን ነበር። የሚወስነው ነገር የሌለው ሰው ተጫዋች ሳይሆን ተመልካች ነው።

ችግሩ ያለው ሮማዊው ተጫዋች ውጤቱን አስቀድሞ ማወቁ ላይ ነው። ካኔ ላይ የሮማን ጦር የመሩት ሁለቱ ቆንሱሎች፣ ቫሮና ፓውሉስ፣ አያውቁም ነበር። ስለዚህ ራሴን የጠየቅሁት «እንዴት ላስገድደው?» ብዬ ሳይሆን «እነዚያ ሰዎች ለምን ያ ሐሳብ ጥሩ መስሎ ታያቸው?» ብዬ ነው። መልሱን ያገኘሁት ካኔ ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት በተደረገው በትሬቢያ ጦርነት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ218 መጨረሻ ሐኒባል ትሬቢያ ወንዝ አጠገብ የሮማን ሠራዊት ሲደመስስ፣ 10,000 ያህል ሮማውያን እግረኞች የካርቴጅን መሐል በርቅሰው ወጥተው ፕላኬንቲያ ከተማ በሰላም ገብተዋል። በሮማ አዛዦች ዓይን እየው፤ ክንፎቻችን ተሰበሩ፣ መሐላችን ግን ለሐኒባል የተሰለፉትን ጋሎች ቀደደ። እንግዲህ ካኔ ላይ፣ በ216፣ መሐሉን አብዝተን ብናወፍረውስ? የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢዮስ ማኒፕል የሚባሉትን ጭፍሮች ከወትሮው አቀራርበው፣ ወርዳቸውን አጥብበው ወደ ኋላ እንዳረዘሟቸው ጽፏል። ሞኝነት አልነበረም። ካለፈው ጦርነት ትምህርት ወስደው ነው የገቡበት።

ይህን ከተረዳህ በኋላ ሕጎቹ ራሳቸው ይመጣሉ። ጨዋታው ሩጫ መሆን አለበት፦ የሮማ እግረኛ መሐሉን የሚበረቅሰው የሐኒባል የፈረሰኛ አዛዥ የሐስድሩባል ጦር ዞሮ ከጀርባው ሳይደርስ ነው ወይስ ከደረሰ በኋላ?

ወደ ቁጥሩ ልምጣ። ፖሊቢዮስ ለሮማ 80,000 እግረኛና ከ6,000 የሚበልጥ ፈረሰኛ፣ ለሐኒባል 40,000 ገደማ እግረኛና 10,000 ፈረሰኛ ይሰጣል። ከሮማ እግረኞች 10,000ው የካርቴጅን ሰፈር እንዲያጠቁ ከሰልፉ ውጭ ቀርተዋል። አንድ መቆሚያ፣ ማለትም ምስሎቹ የሚለጠፉበት ትንሽ ሰሌዳ፣ 1,000 ሰው ነው ካልክ ሮማ 76፣ ካርቴጅ 50 መቆሚያ ይደርሳቸዋል። መጀመሪያ 28 ሚሊሜትር ቁመት ባላቸው ምስሎች ጀምሬ አንድ ዓመት ሙሉ ቀብቼ 80 ወታደር ጨረስኩ። ሲደረደሩ ሌጌዎን የሚባለው የሮማ ክፍለ ጦር ሳይሆን ሠርግ የተጠሩ እንግዶች ይመስሉ ነበር። ለካኔ 6 ሚሊሜትር ነው የሚሻለው። አራት ሴንቲሜትር ወርድ ባለው መቆሚያ ላይ 20 እግረኛ ወይም 9 ፈረሰኛ ታሰፍራለህ፤ በድምሩ 2,300 ገደማ ምስል ይሆናል። አትደንግጥ፣ በዚህ መጠን ፊትና ቁልፍ አይቀባም፤ ጋሻ፣ ቆዳ፣ ብረት፣ አለቀ።

አንድ ነገር ወጪ ይቆጥብልሃል። የሐኒባል አፍሪካውያን እግረኞች ካለፉት ጦርነቶች የተማረከ የሮማ መሣሪያ ታጥቀው ነበር። የሮማ ምስሎችን ግዛና የጋሻቸውን ቀለም ብቻ ለውጥ። ተጫዋቹ ከሩቅ የማን ወገን እንደሆኑ ሲያመነታ ማየትም ደስ ይላል።

አሰላለፉን እንዲህ አደርገዋለሁ። ከሮማ 70 የእግረኛ መቆሚያዎች 16ቱ ቀላል ታጣቂ ናቸው፤ የቀሩት 54ቱ በ18 ረድፍ፣ ሦስት ሦስት ሆነው ወደ ኋላ ይቆማሉ። ግንባሩ 72 ሴንቲሜትር ብቻ ይይዛል። በቀኝ፣ በአውፊዱስ ወንዝ ዳር፣ የሮማ ዜጎች ፈረሰኞች 2 መቆሚያ፤ በግራ የሮማ አጋሮች ፈረሰኞች 4። ፓውሉስ በቀኝ፣ ቫሮ በግራ ነበሩ፤ በእኛ ቤት አንዱ ቀኝ አዝማች ሌላው ግራ አዝማች ይባሉ ነበር። በሐኒባል በኩል ጋሎችና ስፔናውያን 22 መቆሚያ፤ 18ቱ ወደ ሮማ በወጣ ግማሽ ጨረቃ፣ 4ቱ ከአናቱ ጀርባ። አፍሪካውያኑ አምስት አምስት ሆነው ከሁለቱ ጫፎች ኋላ። በወንዙ ዳር 6 የከባድ ፈረሰኛ፣ በሌላው ክንፍ ከሰሜን አፍሪካ የመጡት የኑሚዲያ ፈረሰኞች 4 መቆሚያ፤ በተጨማሪም 8 የቀላል ታጣቂ መቆሚያ። የእግረኛውና የፈረሰኛው ክፍፍል በከፊል የምሁራን ግምት ነው፣ ለጨዋታ ግን በቂ ነው። በወንዙ ዳር ሁለት ለስድስት መሆኑን ስታይ የሮማ ፈረሰኛ ለምን ቶሎ እንደተሰበረ ያለ ማብራሪያ ይገባሃል።

ሮማዊው ሰልፉን ዘርግቶ ከበበኝ ያልከው ጠረጴዛህ ሰፊ ስለሆነ ይመስለኛል። ወንዙን በአንድ ጫፍ፣ የካኔን ኮረብቶች በሌላው አድርገህ መሐሉን ወደ 100 ሴንቲሜትር አጥብበው። ብዙዎቹ የሮማ ወታደሮች በቅርብ የተመለመሉ ነበሩ፤ ስለዚህ በእኔ ሕግ የሮማ ከባድ እግረኛ ወደፊት ይሄዳል ወይም ይቆማል እንጂ ወደ ጎን አይታጠፍም። ቆሞ መጠበቅ ይችላል፣ ግን ፈረሰኛው እየተሰበረ ነውና መጠበቁ አያዋጣውም። ማንም አላስገደደውም፤ ሰዓቱ ነው የሚገፋው።

ከኋላው ሁለት መቆሚያ ያለው ረድፍ የመጀመሪያውን ሽንፈት ችላ ይላል፤ የክምችቱ ጥቅም ይህ ነው። ዳይስ ግን አይጨምርለትም፣ የሚዋጋው ፊት ያለው ብቻ ነውና። ከጎን ወይም ከኋላ የተነካ ረድፍ ያንን ጥቅም ያጣል፤ እዚህ ላይ ነው መጨናነቁ የሚሰማህ። ሐስድሩባል የፊቱን ፈረሰኛ ሲሰብር ዳይስ ይጥላል፤ 3 ወይም ከዚያ በላይ ካመጣ ማሳደዱን ትቶ ይዞራል። በታሪኩ ከሮማ ሠራዊት ጀርባ ዞሮ ወደ አጋሮቹ ፈረሰኛ ሄደ፣ እነርሱም ሳይጠብቁት ሸሹ። ኑሚዲያውያኑ ግን ሸሽተኛውን አንዴ መከተል ከጀመሩ አይመለሱም።

ሐኒባልን የሚጫወተውም አይቀልበትም። መሐሉ ማፈግፈግ አለበት፣ መሰበር ግን የለበትም። ቶሎ ካፈገፈገ ይቀደዳል፣ ካላፈገፈገ አፍሪካውያኑ የሚታጠፉበት ጎን አይገኝም። ሐኒባል ራሱ ከወንድሙ ከማጎ ጋር መሐል ላይ የቆመው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ከእርሱ አጠገብ ያለ መቆሚያ በየተራው አንድ ዳይስ እንዲደግም እፈቅዳለሁ።

የቀላል ታጣቂዎቹ ፍልሚያ አንድ ሰዓት ይበላብን ነበር። ሰንጠረዥ ከሚባለው ከድሮው የአገራችን ቼዝ ተውሼ ፈታሁት። አባቶቻችን ወረራ በሚሉት መክፈቻ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪወሰድ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ አይደል? ወንጭፈኞቹንና ጦር ወርዋሪዎቹን እንዲሁ እናጫውታቸዋለን፤ የመጀመሪያው መቆሚያ እንደተነሳ ወደ ተራ እንገባለን። አሁን አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ሊቪ የሚያወራውን አቧራና ነፋስም ሞክሬው ነበር፣ የሚቆጠር ነገር ከማብዛት ሌላ ያመጣው የለም፤ ተውኩት።

ማሸነፍን በታሪኩ ለካው። ሊቪ 45,500 እግረኛና 2,700 ፈረሰኛ ሮማውያን ሞቱ ይላል፤ ፖሊቢዮስ ወደ 70,000 ያደርሰዋል፤ ከሐኒባል ወገን ደግሞ 5,700 ሞተዋል ይላል። እኔ የሊቪን ይዤ፣ ሮማዊው ከ48 መቆሚያ በታች ካጣ ወይም እንደ ትሬቢያው 10 መቆሚያ በሐኒባል በኩል ባለው ጠርዝ ካስወጣ አሸንፏል እላለሁ።

በዚህ መልክ ስድስት ጊዜ ተጫውተናል፤ ሁለቱን ሮማ ወሰደች። ከሁሉ የማስታውሰው አንድ እንግዳ ያመጣሁበትን ቀን ነው። ካርታውን ገልብጬ፣ የወንዙንና የአዛዦቹን ስም ቀይሬ፣ የትሬቢያን ታሪክ ብቻ በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጠሁትና አሰላለፉን ለእርሱ ተውኩለት። ገጹን አነበበ፣ ጋሎቹን አየ፣ ከዚያ ማንም ሳይነግረው ረድፎቹን ሦስት ሦስት አድርጎ መደራረብ ጀመረ። ጓደኛዬና እኔ ዓይን ለዓይን ላለመተያየት ተጠነቀቅን። በስምንተኛው ተራ ሐስድሩባል ከጀርባው ሲመጣ ዝም ብሎ ጠረጴዛውን ተመለከተና «ይህ ካኔ ነው» አለ።