«ወስጃለሁ» ይለኛል፣ ብልቃጡ ግን አልተከፈተም

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ከባድ ሄሞፊሊያ ኤ (ደም ቶሎ የማይረጋበት ሕመም) አለበት። በሳምንት 3 ቀን ደም የሚያረጋውን ፕሮቲን፣ ፋክተር 8ን፣ በመርፌ በደም ሥሩ ይወስዳል። ከቅርብ ወራት ወዲህ ግን ሳይወስድ «ወስጃለሁ» ይለኛል። ሰሞኑን ደግሞ ጉልበቱ አብጦ ሁለት ቀን ደበቀኝ። ስናገረው በሩን ዘግቶ ይገባል። ልቆጣው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። መርፌውን ከመዝለሉ በላይ የሚያሳስበው መደበቁ ነው። መገጣጠሚያ ውስጥ የፈሰሰ ደም ብረት ይተዋል፤ ብረቱ የውስጡን ሽፋን ያስቆጣዋል፣ የተቆጣው ሽፋን ደግሞ በትንሽ በትልቁ ይደማል። አንዱ ጉልበት ደጋግሞ የሚያብጠው በዚህ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ አንድ ደንብ ይኑር፦ የተናገረ አይወቀስም። ከእብጠቱ በፊት መንዘር፣ መሞቅ ወይም አልታጠፍ ማለት ይመጣል። ያን ሲነግርዎ መጀመሪያ ፋክተሩ ይሰጠው፤ «እንዴት ሆንክ?» የሚለው ለነገ ይደር።

የመርፌውን ሥራ ደግሞ በደረጃ ያስረክቡት። ሐኪሙ ወይም ነርሷ ካሠለጠኑት በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እሱ የመድኃኒቱን ዱቄት በፈሳሹ ይበጥብጥ፣ እርስዎ ይውጉት። ብልቃጡ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ቅዝቃዜው ይልቀቀው፤ በእጅ ቀስ ተብሎ ይዙር እንጂ አይናጥ፣ አረፋ ይሆናልና። ቀጥሎ ደም ሥሩን እሱ ይፈልግ፤ እርስዎ እጅዎን ሰብስበው አጠገቡ ይቀመጡ (ከባዱ ይሄ ነው)። ሁለት ጊዜ ከሳተው ያለ አስተያየት ይረከቡት። በመጨረሻ ቀኑን፣ መጠኑንና የብልቃጡን ቁጥር ራሱ ይመዝግብ፤ ደብተሩን በሳምንት አንዴ ብቻ ይዩ።

የተለመደው ፋክተር 8 በ12 ሰዓት ገደማ ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ያስረዱት። ስፖርት ባለበት ቀን ጠዋት እንዲወስድ አድርጎ የመርፌ ቀኖቹን ከሐኪሙ ጋር ራሱ ያስተካክል። የመረጠውን ነገር መደበቅ አያምረውም።

«አይዞህ፣ ምንም አይደል» አይበሉት፤ ወሬውን ይዘጋዋል። እየበጠበጠ ሳለ «ሰልችቶሃል አይደል?» ብለው ዝም ይበሉ። እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ይፈታል። እንቅልፍ ማጣት፣ ከጓደኛ መራቅና መከፋት ከ2 ሳምንት ካለፈ ግን ለሐኪሙ ይንገሩ። ስለ ሞት ካነሳ በቀጥታ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። በዚያው ቀንም ሕክምና ጋ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ እኔም ሄሞፊሊያ አለብኝ፤ 14 ዓመቴ ነው። ለክፍል ጓደኞቼ ምን ልበል?

መልስ፦ ለሁሉም መንገር የለብህም። አጠገብህ ለሚቀመጠውና ለስፖርት መምህሩ ይህ ይበቃል፦ «ደሜ ቶሎ አይረጋም። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ከተመታሁ መድኃኒቴን መውሰድ አለብኝ።» ለጓደኛህ አንድ ነገር ጨምርለት፦ ጭንቅላትህን ከተመታህ፣ ባያምህም እንኳ፣ ፋክተርህን ወስደህ ወዲያው ሆስፒታል ትሄዳለህ። ራስህን ሲያምህ ማንም አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን ቢሰጥህ አትውሰድ፤ ፓራሲታሞል ይሻልሃል።