የእናቴን እንጀራ ባለቤቴ አትበላም

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ጎልማሳ ነኝ። ከባለቤቴና ከስድስት ዓመት ሴት ልጃችን ጋር በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት እኖራለሁ። ባለቤቴ ለብዙ ጊዜ በደም ማነስና በሆድ ሕመም ስትሠቃይ ቆይታ ባለፈው ዓመት ሲሊያክ የሚባል ሕመም እንዳለባት በደም ምርመራና ከአንጀቷ በተወሰደ ናሙና ተረጋገጠ። ስንዴና ገብስ ያለበትን ነገር ፈጽሞ እንዳትቀምስ ተነገራት። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥተው አብረውን መኖር ከጀመሩ ወዲህ ግን ቤታችን ሰላም አጥቷል። አገር ቤት ሳሉ ንጹሕ ጤፍ ነበር የሚጋግሩት፤ እዚህ ዱቄቱ ውድ ስለሆነና ሊጡም አልነሣ ስላላቸው የስንዴ ዱቄት ይቀላቅሉበታል። ለፋሲካ ባለቤቴ ሳትበላ ስትቀር እናቴ ስላዘኑ «ለእርሳቸው ስትዪ ትንሽ ቅመሺ» አልኳት። ቀመሰች፤ ክፉኛ ታመመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ያቀረቡትን ምንም አትነካም። እናቴ ደግሞ «ምራቴ እጄን ተጸየፈችው» እያሉ ለዘመድ ሁሉ ይናገራሉ። አሁን ገና ደርሷል። ባለቤቴ በዓሉን እኅቷ ቤት ላሳልፍ ብላኛለች፤ እናቴ «እንዲህ ከሆነ ወደ አገሬ መልሱኝ» ብለዋል። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ባለቤትህን ይቅርታ ጠይቃት። እናትህን ከማነጋገርህና ስለ በዓሉ ዝግጅት ከማሰብህ በፊት ይህ ይቅደም።

በፋሲካ ዕለት «ትንሽ ቅመሺ» ስትላት የእናትህ ፊት እንዳይጠቁር ብለህ ነው፤ ክፋት እንዳልነበረበት አምናለሁ። እርሷ የሰማችው ግን በሐኪም የተረጋገጠው ሕመሟ ለባሏ በይሉኝታ የሚታለፍ ነገር መሆኑን ነው። ሰው በገዛ ቤቱ፣ በሚያምነው ሰው ቃል፣ የሚጎዳውን ነገር ሲውጥ የሚታመመው ሆዱ ብቻ አይደለም። እናትህ ያቀረቡትን ሁሉ መተዋን እንደ ጥላቻ አትቁጠረው። የትኛው ድስት ንጹሕ እንደሆነ የሚነግራትና የምታምነው ሰው ስላጣች ሁሉንም መተው ግድ ሆነባት። እኅቷ ቤት ልሂድ ማለቷም በዓሉን ሳትፈራ መዋል ከመፈለግ የመጣ ይመስለኛል። ይቅርታህ «ግን» የሚል ቃል አይኑርበት። «እናቴም እኮ…» ብለህ ከቀጠልህ ይቅርታው እዚያው ይሞታል።

ቀጥሎ ሕመሙን አንተ ራስህ በሚገባ እወቀው፤ እናትህ የሚያምኑት አንተ ያመንክበትን ያህል ነውና። ሲሊያክ የምግብ ምርጫ አይደለም። በስንዴ፣ በገብስና ራይ (rye) በሚባለው የፈረንጆች እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። ሕመሙ ያለበት ሰው ይህን ሲመገብ የሰውነቱ መከላከያ በገዛ ትንሹ አንጀቱ ላይ ይዘምታል። ምግብን ወደ ደም የሚያሳልፉት ጥቃቅን ጣት መሰል ቅጥያዎች ይጎዳሉ፤ ብረቱም ካልሲየሙም በአግባቡ አይሰርግም። የባለቤትህ የደም ማነስ ለብዙ ጊዜ አልለቅ ያላት በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ሕክምናው ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው። አንጀት ምንም ሳይሰማ ሊቆስል ስለሚችል «ዛሬ በልታ ምንም አልሆነችም» የሚለው ማስረጃ ሊሆን አይችልም። መጠኑንም ላስረዳህ፦ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ደንብ መሠረት «ከግሉተን ነፃ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያነሰ ግሉተን ብቻ ነው ሊኖረው የሚችለው። ድፎ ዳቦ የተቆረጠበት ቢላዋ ለምን እንደሚያስፈራት አሁን ትረዳታለህ።

ስለ እናትህ ላውራ። ብዙ አንባቢዎች እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲያነቡ ጥፋቱን አማት ላይ ይጥላሉ፤ እኔ አልጥልም። እናትህ በዚህ ዕድሜያቸው ቋንቋውን በማያውቁት አገር፣ ያለ ጎረቤት፣ ያለ ማኅበር፣ ልጃቸው ካላደረሳቸው ቤተ ክርስቲያን እንኳን መሄድ በማይችሉበት ቤት ውስጥ ይኖራሉ። አዲስ አበባ ሳሉ ሰው ይመክራሉ፣ ያስታርቃሉ፣ ድግስ ያቀናሉ። ሜሪላንድ ላይ ያቺ ባለሙያ ሴት የቀረችው በምጣዱ ዙሪያ ብቻ ነው። ምራታቸው እንጀራውን ስትመልስ የተመለሰው ዱቄት አልመሰላቸውም፤ ራሳቸው የተመለሱ መሰላቸው። በዚያ ላይ እኛ ዘንድ ፍቅር በጉርሻ ይገለጻል፤ ጉርሻ እምቢ ማለት ደግሞ ከባድ ቅያሜ ነው። እንጀራ ሰውን ያሳምማል የሚባል ነገር በኖሩበት ዓለም ሰምተው አያውቁም። አሜሪካ ውስጥ ሳይታመሙ ግሉተንን በፈቃዳቸው የሚተዉ ብዙ ሰዎች መኖራቸውም ነገሩን አወሳስቦታል፤ የታመመውም ያልታመመውም በአንድ ዓይን ይታያል፣ እናትህም «የፈረንጅ ቅብጠት ነው» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ቁጭ ብሎ በወጉ ያስረዳቸው ሰው እንዳለ ከደብዳቤህ አላየሁም።

በአንድ መስመር ብቻ ጠቅሰህ ያለፍከው ነገር ግን የጉዳዩ ቁልፍ ሆኖ አገኘሁት። እናትህ አገር ቤት ንጹሕ ጤፍ ነበር የሚጋግሩት። ጤፍ ደግሞ ግሉተን የለውም። እንግዲያው ባለቤትህ እናትህን እንግዳ ነገር እየጠየቀቻቸው አይደለም፤ ዕድሜ ልካቸውን የጋገሩትን፣ የሚኮሩበትን እንጀራ ነው የምትፈልገው። ስንዴው የመጣው በዱቄቱ ዋጋና በሊጡ እምቢታ ምክንያት ነው። እናትህ እዚህ አገር ከደረሱ ወዲህ እንጀራቸው እንደ ቀድሞው አለመሆኑ ራሱ ምን ያህል እንዳሳፈራቸው ልብ በል። ለወጪው መፍትሔ መስጠት የአንተ ድርሻ ነው፤ ከበዓል ልብስና ከስጦታ ቀንሰህ ጥሩ ጤፍ ግዛላቸው። በአሜሪካም በአይዳሆ ግዛት ጤፍ ስለሚመረት ከግሉተን ነፃ የሚል ምልክት ያለው ዱቄት ማግኘት አያስቸግርም።

ወሬውን የምትጀምረው አንተ ነህ፤ ባለቤትህን አስቀምጠህ «ንገሪያቸው» አትበላት። ከበዓሉ ሳምንታት ቀድመህ፣ ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ቡና ተፈልቶ ሁለታችሁ ብቻ ተቀመጡ። በራስህ ቃል ለመናገር ከቸገረህ ይህን የመሰለ ነገር በል፦ «እማዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የእርሷን ሕመም ከመጀመሪያው ቀን ልነግርዎት ሲገባኝ በመሐል ዝም ብዬ ሁለታችሁንም አስከፋሁ። እጅዎን አልተጸየፈችም። ስንዴና ገብስ አንጀቷን ያቆስለዋል፤ በፋሲካ የታመመችው እኔ ቅመሺ ስላልኳት ነው። የእርስዎ የጤፍ እንጀራ ግን አይጎዳትም። ያንን እንደ ድሮው ቢጋግሩልን ቤታችን ሁሉ ይበላል።» ከዚያ ዝም በል። ያልቅሱ፣ ይቆጡ፣ «ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም» ይበሉህ። ቁጣው በትክክለኛው ሰው ላይ ማረፉ ለምራታቸውም ለእርሳቸውም እረፍት ነው።

ለማመን ከከበዳቸው የሐኪም ወረቀት ከማሳየት ይልቅ ታሪክ ንገራቸው። ቪለም ዲከ የሚባል ኔዘርላንዳዊ የሕፃናት ሐኪም ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መገባደጃ፣ በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው የረኀብ ክረምት፣ በአገሩ ዳቦ ሲጠፋ ይህ ሕመም ያለባቸው ሕፃናት ተሻላቸው፤ ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ሐኪሙ ቀድሞ የጠረጠረው ነገር በዚህ ጠነከረለት። ረኀብንና የልጅ ሕመምን የሚያውቁ እናት ይህን ታሪክ ከማንም በተሻለ ይረዱታል።

ዘመዶቹን ደግሞ አንተ ራስህ ደውልላቸው። እናትህ የተናገሩትን ማስተባበል አያስፈልግህም፤ «ባለቤቴ ታማ ነው፣ ቀድሜ ባለመንገሬ እናቴ ተቀይመው ነበር» ማለት ይበቃል። ባለቤትህ በየቤቱ የተወራባትን ብቻዋን ተሸክማ በዓል ልትውል አይገባም።

ስለ ማድ ቤቱ አስተያየቴን ልንገርህ፦ ለዚህ በዓል ቤታችሁ በሙሉ ከስንዴና ከገብስ ነፃ ይሁን። በአንድ ጠባብ ማድ ቤት ሁለት ዓይነት ሊጥ ማቡካት ዘወትር አንዱ ሌላውን እንዲጠራጠር ያደርጋል፤ እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ መተማመንን ነው። አሮጌው እርሾ ስንዴ ስላለበት ይደፋ፤ እናትህ ከንጹሕ ጤፍ አዲስ እርሾ ያውጡ፤ ቀናት ስለሚወስድ ጊዜ ስጧቸው። ወንፊቱ፣ ማሰሻው፣ ሰፌዱና የቡኾ ዕቃው ይለወጥ። የሸክላ ምጣድ የቀደመውን ስለሚመጥ አዲስ ያስፈልጋል። ዶሮ ወጡ በራሱ ግሉተን የለውም፤ ሽንኩርቱም ቅቤውም እንቁላሉም አይጎዳትም። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣው በርበሬና ሽሮ ግን ስንዴና ገብስ በሚፈጭበት ወፍጮ ቤት የተፈጨ ስለሚሆን አይታመንም። ይህ እናትህን ከሁሉም በላይ ያሳዝናቸዋል፤ ለእናንተ ብለው ዛላውን ቀንጥሰው፣ አድርቀው፣ ደልዘው ያመጡት ነውና። ዛላ በርበሬና ቅመሙን ሳይፈጭ ገዝታችሁ በአዲስ መፍጫ ቤት ውስጥ ቢያዘጋጁት ሙያቸው አይቀርም። የመጣው በርበሬ አይጣል፤ ለዘመድ ይሰጥ።

ጠላ የገብስ ብቅል ስላለበት ይቅር፤ ጠጅ ከማርና ከጌሾ ስለሚጣል ይችላሉ። ለቡናው በገብስ ቆሎ ፋንታ ፈንዲሻ ይፈካ።

ድፎ ዳቦው ይከብዳል፤ እንዲህ ነው ብዬ አላታልልህም። ከጤፍ ወይም ከበቆሎ ዱቄት የሚጋገር ዳቦ እንደ ስንዴው አይነሣም፣ አይለሰልስም። ቤት ውስጥ ስንዴ ማቡካት ደግሞ ዱቄቱ በየቦታው ስለሚያርፍ ሁሉን ያበላሻል። ዘንድሮ ዳቦውን ከዘመድ ቤት ሄዳችሁ ቁረሱ። እናትህ በዚህ ቢያዝኑ «ዳቦ እኮ ነው» እያልህ አታቃልልባቸው። እርሳቸውም ባለቤትህም አንድ ነገር አጥተዋል፤ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ኀዘን ሊገናኙ የሚችሉት እዚህ ጋ ነው። ባለቤትህ «እማማ፣ እኔም የድፎ ዳቦ ሽታ ይናፍቀኛል» ብትላቸው ብዙ ነገር ይለሰልሳል። አስገድደህ እንዳታስብላት እንጂ።

ገበታው በሙሉ ንጹሕ ሲሆን ጉርሻም ያለ ፍርሃት ይቻላል። ይሁን እንጂ ባለቤትህ በመጀመሪያው ቀን ከእናትህ እጅ ባትጎርስ ማንም አይቀየማት። ለወራት ምግብን ስትፈራ የቆየች ሴት በአንድ ማዕድ አትድንም። «ይኸው ሁሉን አስተካከልንልሽ» የሚል ግፊት ፋሲካን መድገም ነው። ትይ፣ ትጠይቅ፣ ዱቄቱን ከማሸጊያው ላይ ታንብብ። እናትህም መጠየቋን እንደ ክስ እንዳይቆጥሩት አስቀድመህ ንገራቸው።

በዘመድ ቤት ስትጋበዙ ቀድመህ የምትደውለው አንተ ሁን። ምግቧን ይዛ ትሂድ፤ የዘመድ እጅ ጉርሻ ይዞ ሲመጣ ቶሎ ብለህ «ለእርሷ አይሆንም፣ ለእኔ ስጡኝ» በል። አጠገቧ ተቀምጠህ ይህን አንድ ጊዜ በደስታ ብትናገር የእርሷን አሥር ጊዜ ማብራሪያ ይተካል።

ባለቤትህ የምትቆርብ ከሆነ ኅብስቱ ከስንዴ የሚዘጋጅ በመሆኑ ጉዳዩን ከንስሐ አባቷና ከሐኪሟ ጋር ራሷ ትመካከርበት። በዚህ ነገር አንተም ሆንህ እናትህ ጣልቃ ባትገቡ እመርጣለሁ፤ የነፍስ ጉዳይ ላይ የዘመድ ድምፅ ሲጨመር ሕመምተኛዋ በእምነቷም የተከሰሰች ይመስላታል።

ይህን ሁሉ ብለህ እናትህ ባይስማሙስ? ሊሆን ይችላል፤ የቆየ ቅያሜ በአንድ ቡና አይፈታም። ያን ጊዜ ባለቤትህና ልጅህ እኅቷ ቤት ገናን ይዋሉ፤ አንተም ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ሁን። ማታ ተመልሰህ ከእናትህ ጋር እራት ብላ። እርሳቸውንም ብቻቸውን አትተዋቸው፤ ጠዋት ወደሚወዱት ዘመድ ቤት አድርሳቸው። «ከእናትህና ከሚስትህ ማንን መረጥህ» የሚልህ አይጠፋም። የታመመን ሰው ከሚያሳምመው ነገር መጠበቅ እናትን መካድ አይደለም፤ ይህንንም ለእናትህ በለሰለሰ ቃል ደጋግመህ ንገራቸው። «ወደ አገሬ መልሱኝ» ሲሉህም ስለ ትኬት አታውራ። ምን እንደናፈቃቸው ጠይቃቸው። ከእንጀራው ሌላ የሚነግሩህ ብዙ ነገር ይኖራል ብዬ እገምታለሁ።

የማይዘገይ አንድ ጉዳይ ቀርቷል። ሲሊያክ በዘር የሚሄድ ነው፤ ወላጅ፣ ልጅ ወይም ወንድምና እኅት ካለበት ከ10 ሰዎች አንዱ ገደማ ሊኖርበት ይችላል። ልጃችሁ ምንም ባይሰማትም የደም ምርመራ ታድርግ። ምርመራው ግን መደረግ ያለበት ቤቱ ከስንዴ ነፃ ከመሆኑ በፊት፣ ልጅቷ እንደ ወትሮዋ እየበላች ሳለ ነው፤ ግሉተን ካቆመች ውጤቱ በሐሰት ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ የልጃችሁን የሐኪም ቀጠሮ አሁኑኑ ያዝ፤ ዱቄቱንና ምጣዱን መለወጥ ደሟ ከተወሰደና ሐኪሙ ሌላ ምርመራ እንደማያስፈልጋት ከነገራችሁ በኋላ ይሁን። እስከዚያው የባለቤትህ ምግብ በተለየ ድስት፣ በተለየ ሳህንና ማንኪያ ይዘጋጅ፤ ድስቱን የምታጥበውም አንተ ሁን። ለእናትህ ምርመራውን ስትነግራቸው ማስፈራሪያ አታድርገው፤ የልጅ ልጃቸው ናትና ከፈለጉ አብረዋችሁ ወደ ሐኪሙ ይሂዱ።