ለመብላት ኢስታንቡል ለምትሄዱ፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ቱርክ ገበታ ከጻፍኩ ወዲህ የመጣው ጥያቄ ብዛቱ! አብዛኞቻችሁ በቡድን ነው የምትሄዱት። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ይቅርታ።

ሚጥሚጣ ይዤ ልሂድ?

ትንሽ፣ በብልቃጥ። ግን እስከ ሦስተኛው ቀን አይክፈቱት። እዚያም «ፑል ቢበር» የሚሉት ሸካራ ቀይ ቃሪያ አለ፤ መጀመሪያ እሱን ይሞክሩት።

በዕቁብ ያጠራቀምን 11 የመሥሪያ ቤት ጓደኛሞች ነን። አስጎብኚው ለ5 ቀን፣ በቀን ሦስት ምግብ ቤት ይዞልናል። በዛ እንዴ?

በዛ እንጂ! 15 ምግብ ቤት ገብቶ የወጣ ሰው አንዱንም አያስታውሰውም። አንዱን ጠዋት ለ«ሰርፕሜ ካህቫልት» ልቀቁት። አይብ፣ ወይራ፣ እንቁላል፣ ማር በካይማክ (ወፍራም የወተት ክሬም ነው)፣ በትንንሽ ሳህን ጠረጴዛው እስኪጠፋ ይደረደራል። ለብቻ የሚሄድ ሰው አይችለውም፤ ለእንደናንተ ዓይነቱ መንጋ የተሠራ ነው። ምሳውን ዝለሉት። ከሰዓት በጀልባ ወደ ካዲኮይ ገበያ ተሻገሩና ሦስት ሦስት እየሆናችሁ በእግር እየዞራችሁ ቅመሱ። 11 ሰው በአንዴ ፊቱ ሲደቀንበት ወይራ ሻጩም ይደነግጣል።

ጥሬ ሥጋ ይበላሉ አሉ። እውነት ነው?

«ቺ ኮፍቴ» የዱሮው፣ ጥሬ ሥጋ ከተከካ ስንዴና ከቅመም ጋር በእጅ ታሽቶ የሚሠራ ነው። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ግን ሥጋ የሚባል የለበትም። ለቁርጥ ከሆነ የሰፈርዎ ልኳንዳ ይቀርብዎታል።

ቪዛ ስንት ቀን ይፈጃል?

ኤምባሲውን ይጠይቁ።

ጉዟችን ፍልሰታ ላይ ወደቀ። እናቴ አብራን ናት፤ ትጾማለች። አስጎብኚው «ሰላጣ አይጠፋም» አለን። ይበቃል?

አይበቃም። ይቺ «ሰላጣ አይጠፋም» የምትባል ነገር ደግሞ በጣም ታናድደኛለች። ሁሉም ሲበላ አንዲት እናት ጥግ ይዘው ኪያር የሚያላምጡበት ጉዞ ምን ይባላል? የሚገርመው ቱርክ ለጿሚ የታደለ አገር ነው። «ዘይቲንያሊ» የሚሉት ራሱን የቻለ የምግብ ዘር አላቸው፤ አትክልቱ በወይራ ዘይት ይበስልና ቀዝቅዞ ይበላል። ሩዝ የተጠቀለለበት የወይን ቅጠል አለ። ፎሶሊያ አለ። በሽንኩርትና በቲማቲም የተሞላ ደበርጃን አለ፤ «ኢማም ባይልዲ» ይሉታል፣ ኢማሙ ራሱን ሳተ እንደ ማለት ነው። ሲቀምሱት ስሙ ይገባዎታል።

የኔን ስሕተት ግን አትድገሙ። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ አስተናጋጁን «ጾም ላይ ነኝ» አልኩት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ፈገግ አለ፣ ያመጣውን ዳቦ አነሳና ሄደ። በእነሱ ጾም ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ነው፤ ሲመሽ ሥጋውም ቅቤውም ይበላል። ሰውዬው አክብሮኝ ነው፤ እኔ ግን እየራበኝ ቁጭ አልኩ። ስለዚህ «ቬጋን» በሉ፣ ይገባቸዋል። አሁንም አትዘናጉ። የምስር ሾርባው ሲያዩት የጾም ይመስላል፤ ብዙ ቤት ግን በመጨረሻ ከቃሪያ ጋር የጋለ ቅቤ፣ ጭስ እያለ፣ ከላይ ያፈሱበታል። ሩዙም ብዙ ጊዜ በቅቤ ነው የሚሠራው። «ቴሬያ» ማለት ቅቤ ነው፤ ይቺን ቃል እናትዎም ይያዟት።

ሰዓቱስ? እናትዎ እስከ ዘጠኝ የሚቆዩ ከሆነ ቡድኑ ምሳውን ወደ ዘጠኝ ይግፋው፤ ማንም አይሞትም። «ኤስናፍ ሎካንታሲ» የሚባሉት የሠራተኛ ምግብ ቤቶች ለእንዲህ ያለው ይመቻሉ። ወጡ በትሪ በትሪ መስታወት ውስጥ ይደረደራል፣ በጣት እያሳዩ ማዘዝ ነው። ግን የምሳ ቤቶች ናቸውና ከዘጠኝ አትለፉ፤ አስር ሰዓት ላይ ብትደርሱ ባዶ ትሪ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ስለ ዓሣው የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። እኔ እዚያ ክርክር ውስጥ የለሁበትም።

ስኳር አለብኝ፣ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ጋዚያንቴፕ ሄጄ ባቅላቫ ሳልቀምስ ልመለስ?

ጉጉትዎ ይገባኛል። ይቺን የደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ከተማ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በምግብ ጥበብ የፈጠራ ከተሞች መዝገብ ውስጥ አስገብቷታል፤ ባቅላቫዋም እ.ኤ.አ. በ2013 በአውሮፓ ኅብረት የስም ጥበቃ አግኝቷል። ግን ስንት ቁራጭ ይበቃዎታል የሚለውን እኔ አልነግርዎትም፤ የቡድኑ መሪም አይነግርዎትም። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። የምግብ ሰዓት ለውጡን፣ የሚዘለለውን ምሳ፣ ብዙውን የእግር መንገድ አንድ በአንድ ይንገሯቸው፤ የመድኃኒቱ መጠን እንዴት እንደሚሆን እሳቸው ይወስኑ። ደብዳቤም ያጽፉ። ኢንሱሊኑን በእጅ ሻንጣ ይያዙት፤ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ከገባ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ከቡድኑ ቢያንስ ሁለት ሰው ሕመምዎን ይወቅ። ማፈር የለም።

ቡናቸውስ?

ስኳሩ አብሮ ነው የሚፈላው፤ ስለዚህ ሲያዙ ይናገሩ። «ሳዴ» ያለ ስኳር፣ «ኦርታ» መካከለኛ። አተላው ሲኒው ውስጥ አለና እስከ መጨረሻው አይጨልጡት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የለም፤ አንድ ሲኒ ነው፣ አለቀ።