«ዶርሙ ሁሉ ይስቃል፤ እኔ ብቻ ነኝ እንዲህ?»

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎ ጎጃም ውስጥ ካለ ዩኒቨርሲቲ ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የመጣሁት ከሞጣ አካባቢ ነው። ሃይስኩል እያለሁ ቀለሜ ነበርኩ። አስተማሪዎቹ እኔን ምሳሌ እያደረጉ ሌላውን ይቆጡ ነበር። እዚህ የመጀመሪያው የማትስ ሚድ ሲለጠፍ ከ30 8 አገኘሁ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ዶርም ውስጥ ስድስት ነን። ማታ ማታ ልጆቹ ይፎጋገራሉ፣ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። መብራት ሲጠፋ ግን ብርድ ልብሴን ተከናንቤ የቅዳሴ ደወል እስኪደወል ዓይኔ እንደፈጠጠ ነው። ቀን ላይብረሪ እገባለሁ። አንዱን ሃንድአውት ሦስት አራት ጊዜ አነበዋለሁ፤ ፈተና ላይ ባዶ ነኝ። ካፌ መግባት አስጠልቶኛል። እናቴ የላከችልኝ በሶ አልጋዬ ሥር እንደታሰረ አለ። ስትደውል አላነሳም፤ ኋላ «ኔትወርክ የለም» እላታለሁ። አንዳንዴ ተኝቼ ባልነቃ እላለሁ።

ለአጎቴ ትንሽ ብነግረው «ዓይነ ጥላ ነው፤ መጥተህ ጸበል ተጠመቅ» አለኝ። ሲኒየሮች ደግሞ «ፍሬሽ ስለሆንክ ነው፣ ይለቅሃል» ይሉኛል። ሰነፍ ሆኜ ነው ወይስ ታምሜ? ትምህርቱን ትቼ ወደ ቤቴ ብመለስ ይሻላል?

ግራ የገባኝ፣ ከጎጃም

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ውስጥ አንድ ነገር ጣል አድርገህ አልፈሃል፤ «ተኝቼ ባልነቃ» የምትለውን። እኔ ግን አላልፋትም። እንዲህ ያለ ሐሳብ ብዙ ሰው ላይ ይመጣል። መጣብህ ማለት አበድክ ማለት አይደለም፤ ለብቻ የሚያዝ ነገር ግን አይደለም። ይህን እንዳነበብክ ከዶርም ልጆች የምታምነውን አንዱን ጥራና ንገረው። ነገ ጠዋት ክሊኒክ አብሮህ ይሂድ። ሐሳቡ «እንዴት ላድርገው» ወደሚለው ከዞረ ደግሞ ጠዋትን አትጠብቅ። ብቻህን አትሁን፤ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ክሊኒክ ገብተህ «ራሴን አሞኛል» ብለህ ፓራሲታሞል ይዘህ እንዳትመለስ። (ስንቱ ተማሪ ነው እንዲህ የሚያደርገው!) ለደብዳቤው የነገርከኝን ለሐኪሙ ንገረው፤ እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ያቺን ሐሳብ። ከጀመረህ ስንት ጊዜ እንደሆነም ንገረው። ባለሙያዎች ድባቴን ለመለየት የሚጠቀሙበት ፒኤችኪው-9 የሚባል መጠይቅ አለ። ዘጠኝ ጥያቄ ነው፤ የሚጠይቀውም ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ነው። እንቅልፍ አለበት፣ የምግብ ፍላጎት አለበት፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለበት። ያቺ ሐሳብህም ዘጠነኛዋ ላይ አለች። ስንፍና የሚል ግን የለበትም። ታምመህ እንደሆነ የሚነግርህ ሐኪሙ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ሰነፍ ግን አንድ ሃንድአውት አራት ጊዜ አያነብም።

ስለ ጸበሉ ከአጎትህ ጋር አትጣላ። ተጠመቅም፣ ታከምም። መድኃኒት ከታዘዘልህ ግን ጸበል ገባሁ ብለህ እንዳታቋርጥ።

አሁን ወደ ዶርሙ ልምጣ። ሁሉም ይስቃሉ ትላለህ። አንተስ? አብረህ ትስቃለህ። ታዲያ ከአምስቱ አንዱ ዛሬ ማታ ቢጽፍልኝ አንተን ከሚስቁት መሀል ይቆጥርህ ነበር። አሌክሳንደር ጆርዳን የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመው ጥናት ይህንኑ ነው ያሳየው። አሜሪካ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን «ሌላው ተማሪ ምን ያህል ይከፋዋል?» ብለው ጠየቁ። ተማሪዎቹ የጓደኞቻቸውን መከፋት ከእውነቱ አሳንሰው ገመቱ። ሰው የሚከፋው ብዙ ጊዜ ብቻውን ሲሆን ነዋ! ሰው ፊት ሲሆን ደግሞ ውጦ ይስቃል። በጣም አሳንሰው የገመቱት ብቸኝነቱ ይበልጥ የሚሰማቸው ሆነው ተገኙ።

እኛ ዘንድ ይብሳል ባይ ነኝ። «ወንድ ልጅ ቻል ያደርጋል» ተብሎ ያደገ የጎጃም ልጅ ከፋኝ ብሎ ለማን ይናገራል? በዚያ ላይ ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልሉ ሰላም አጥቷል። መንገድ ይዘጋል፤ ስልክ ይቋረጣል። ከስድስታችሁ የቤቱ ነገር የማያሳስበው አንድ ልጅ ያለ አይመስለኝም።

ሲኒየሮቹ «ይለቅሃል» ያሉህ ግማሹ እውነት ነው። ዋልተንና ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት አሜሪካ ያሉ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የነባር ተማሪዎችን ቃል አነበቡ። «መጀመሪያ ይህ ቦታ የእኛ አይደለም ብለን ነበር፤ እያደር ተላመድን» የሚል ነው። አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ፈጀ። ይህን ያነበቡ ጥቁር ተማሪዎች ውጤት እስከ ሦስት ዓመት ድረስ እየተሻሻለ ሄደ። ልዩነቱ እነሱ ታሪኩን ነው የሰሙት፤ አንተ ግን ማባረሪያ ቃል ነው የሰማኸው። ስለዚህ አንዱን ሲኒየር ሻይ ጋብዘህ «አንተስ ፍሬሽ እያለህ የመጀመሪያው ሚድ እንዴት ነበር?» በለው። ዝርዝሩን ያውራህ።

አጠናንህ ላይ አንድ ነገር ልበልህ። ደግሞ ደጋግሞ ማንበብ ያወቅህ ያስመስልሃል እንጂ አያስቀርልህም። ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ተማሪዎችን ፈተኑ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን አንብበው፣ ወረቀቱን ዘግተው፣ ያስታወሱትን የጻፉት በለጡ። የደብረ ኤልያስና የዲማ የቆሎ ተማሪ ይህን ያለ ተመራማሪ ያውቀዋል፤ ቃሉ ከአፉ ካልወጣ ተማርኩ አይልም። ሃንድአውቱን አንዴ አንብብ፣ ክደነው፣ ባዶ ወረቀት ላይ ጻፍ። ያልመጣልህን ብቻ ተመልሰህ እየው። እንቅልፍህ እስኪስተካከል ግን ከዚህም ብዙ አትጠብቅ።

በሶውን ፍታውና ከልጆቹ ጋር ብሉት። እናትህ ስትደውል አንሳ። ስለ 8ቱ ዛሬ ባትነግራት ግድ የለም፤ ድምፅህን ትስማ።

«ትቼ ልመለስ?» ላልከው፣ እንቅልፍ አጥተህ እንዲህ ያለ ነገር አትወስን። ሐኪሙ እረፍት ያስፈልገዋል ካለ በሕክምና ምክንያት ዊዝድሮዋል (ትምህርትን ለጊዜው ማቋረጫ ፎርም) መሙላት ይቻላል። ግን ሻንጣህን አንጠልጥለህ ዝም ብለህ ከግቢ እንዳትወጣ። የሐኪሙን ወረቀት ይዘህ ሬጅስትራር ሂድ፣ ፎርሙን ሙላ፣ ኮፒውን ለራስህ አስቀር። ፎርም ሳይሞሉ የሄዱ ልጆች ሲመለሱ መከራቸውን የሚያዩት እዚያው መስኮት ላይ ነው።