ድካሙ ያልለቀቃቸው፦ ስለ ኮቪድ ማግሥትና ስለ ክትባቱ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

«ከኮቪድ በኋላ ያልተሻለው ዘመድ ያላችሁ፣ ወይም ክትባቱ ያሳሰባችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ብዙዎቻችሁ «ዶክተር» ብላችሁኛል። ዶክተር አይደለሁም፤ ደሴ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፤ የማንንም ስም አልጠቀስኩም።

ጥያቄ፦ እናታችንን ኮቪድ የያዛት በ2013 ነው። ዛሬም ቤት ጠርጋ ትተኛለች። እህቶቼ «ሰንፋ ነው» ይላሉ። ኮቪድ እንዲህ ይቆያል እንዴ? (ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ ይቆያል፣ እህቴ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 መጀመሪያ ባወጣው ፍቺ፣ የኮቪድ ማግሥት ሕመም ማለት አብዛኛውን ጊዜ ከተያዙ ከ3 ወር በኋላም የሚታይ፣ ቢያንስ 2 ወር የሚዘልቅና በሌላ በሽታ የማይገለጽ ሕመም ነው። ዋናዎቹ ምልክቶች ድካም፣ የትንፋሽ ማጠርና መርሳት ናቸው። መጀመሪያ ላይ ቀለል አድርጎ የያዘው ሰውም ይገጥመዋል።

«በሌላ በሽታ የማይገለጽ» የምትለዋን ግን አትለፏት። ሁሉን በኮቪድ እያሳበብን ደም ማነስ ያለባትን እናት ዓመት ሙሉ አስተኝተን እናቆያለን። መጀመሪያ ደሟን፣ ስኳሯን፣ ግፊቷን፣ ኩላሊቷንና የእንቅርት ሆርሞኗን አስመርምሩ። ያኔ ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን፣ ለከባድ ኮቪድ ይሰጥ የነበረ መድኃኒት) ወስዳ ከነበረ ስኳሩ በፍጹም አይዘለል፤ ዴክሳ ስኳር ከፍ ያደርጋል። እነዚህ ሁሉ ሕክምና አላቸው።

ምርመራው ደህና ከሆነ ወደ ድካሙ እንምጣ። የሚያድን ክኒን የለም። የሚረዳው አቅምን ማብቃቃት ነው። ደህና በሆነች ቀን እንጀራ ትጋግራለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ለቅሶ ደርሳ ትመለሳለች። በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ከአልጋ መነሣት ያቅታታል። እናንተም «ትናንት ደህና አልነበርሽ?» ትሏታላችሁ። ዘግይቶ መጣሉ የበሽታው ጠባይ ነው። አቅሟ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከጨረሰችው ብድር ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ ሥራውን ከፋፍሉላት። ሽንኩርቱን ተቀምጣ ትክተፍ። ዛሬ ከጋገረች ልብሱ ይደር፣ ውሃውን ሌላ ሰው ይቅዳ። «ተንቀሳቀሺ፣ ይለቅሻል» እያላችሁ ጦሳ ሥር ዳገት አታስወጧት። እህቶችሽንም ይህን አስነብቢያቸው።

ጥያቄ፦ ቡና ሲቆላ የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል። ጎረቤት ሲጠራኝ ሰበብ እየፈለግኩ እቀራለሁ። «ኮራች» እየተባልኩ ነው። (ሆጤ)

መልስ፦ አብሽሪ፣ የብዙ ሰው ችግር ነው። ኮቪድ አፍንጫ ውስጥ ያለውን የማሽተቻ ክፍል ይጎዳል። እያገገመ ሲመጣ ሽታው ይዛባል፤ ቡና፣ ሽንኩርትና የሚጠበስ ሥጋ በጣም ያስቸግራሉ። ወሎ ላይ ከቡና መቅረት ከሰው መቅረት ነውና ለጎረቤቶችሽ በግልጽ ንገሪያቸው። ቡናው ተቆልቶ ጭሱ ከወጣ በኋላ ድረሺ።

ልምምድም አለው። አራት ሽታ ምረጪ፦ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ጤና አዳም። ጠዋትና ማታ እያንዳንዱን ለ20 ሰከንድ ያህል በቀስታ አሽትቺ፤ በፊት እንዴት ይሸት እንደነበር እያሰብሽ። ቢያንስ 3 ወር ቀጥዪ። ሁሉንም አያድንም፤ ግን ጉዳት የለውም፣ ወጪውም የገበያ ሳንቲም ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሳሉ 2 ወር ሆነው። «የኮቪድ ቅሪት ነው» እያለ እምቢ ብሏል።

መልስ፦ ከ2 ሳምንት ያለፈ ሳል የአክታ ምርመራ ያስፈልገዋል፣ አለቀ። የቲቢ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ነገ ይዘሽው ሂጂ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ስገባ ልቤ ድው ድው ይላል፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ 93 አለኝ፤ ደነገጥኩ።

መልስ፦ ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ነው። በአንዲት አጭር መንገድ ያን ሁሉ ወጥተሃል። ደሴ ላይ ጤነኛ ሰውም 93 ሊያነብ ይችላል። ከ90 በታች ከሆነ፣ ወይም ተቀምጠህም ትንፋሽ ካጠረህ ግን ሳታድር ታይ።

ልብህን ቤትህ ለካው። 10 ደቂቃ ተጋድመህ የእጅህን ትርታ ለአንድ ደቂቃ ቁጠር። ተነሥተህ ቁም፤ አትደገፍ፣ ሰው አጠገብህ ይሁን። እስከ 10 ደቂቃ ድረስ በየመሃሉ ቁጠር። በ30 ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረና ራስህን ካዞረህ፣ ቁጥሩን ጽፈህ ለሐኪም አሳይ። ከኮቪድ በኋላ የሚታይ ችግር ነው፤ ብዙ ጊዜ «ጭንቀት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ደም ማነስ ወይም እንቅርትም እንዲሁ ልብ ያስመታልና አብሮ ይታይ።

ጥያቄ፦ «አስትራዜኔካ ደም እንደሚያረጋ ኩባንያው አመነ» የሚል ቪዲዮ አየሁ። ሁለቱንም ዙር ወስጃለሁ። እንቅልፍ አጣሁ። (ፒያሳ)

መልስ፦ የሰማኸው እውነት አለበት። ኩባንያው በ2016 ለእንግሊዝ ፍርድ ቤት ባቀረበው ሰነድ፣ ክትባቱ እጅግ አልፎ አልፎ ይህን ሊያመጣ እንደሚችል ገልጿል። ግን አዲስ ወሬ አልነበረም። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መጋቢት 2013 ላይ በይፋ ተናግሮታል፤ እኛ አገር ክትባቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 ከተጀመረ ወር ሳይሞላው።

በአውሮፓ የታየው ከ100 ሺህ ተከታቢ አንድ ሰው ገደማ ላይ ነው። የሚመጣበት ጊዜም የታወቀ ነው፦ ከተከተቡ ከ4ኛው ቀን እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ። አንተ ያን ጊዜ ካለፍክ ዓመታት ሆኑ። ዛሬ እግርህ ቢያብጥ ወይም ደረትህን ቢወጋህ በክትባት አሳብበህ አትቀመጥ፤ ምክንያቱ ይፈለግ። ቪዲዮውን የሚሠሩት ሰዎች ቀኑን የማይናገሩት ለምን እንደሆነ አንተው ገምት።

ጥያቄ፦ አባቴን ክትባት ያስከተብኩት እኔ ነኝ። በዓመቱ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለ። ቤተሰቡ በእኔ ይፈርዳል። (ኮምቦልቻ)

መልስ፦ ይህን ደጋግሜ አነበብኩት። እህቴ፣ አባትሽ ግፊት ነበረባቸው? መድኃኒታቸውን ያቋርጡ ነበር? በኛ አካባቢ እንዲህ ያለው ሕመም ብዙ ጊዜ የሚነሣው ካልታከመ ግፊት ነው። ዓመት ቆይቶ የመጣን ሕመም ከክትባቱ ጋር የሚያገናኝ ነገር አላውቅም። አስቢ፣ ያኔ ሰዉ በኮቪድ እየሞተ ነበር፤ አንቺ ያደረግሽው ልጅ የሚያደርገውን ነው። አሁን ቤተሰቡ ጉልበቱን ግፊታቸውን በመለካትና እጃቸውን በማለማመድ ላይ ያውለው።

ክትባት ማንንም አይጎዳም እያልኩ ግን አይደለም። በአንዳንዶቹ ክትባቶች በቀጣዮቹ ሳምንታት ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ መዛል፣ በሌሎቹ ደግሞ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ የልብ ጡንቻ መቆጣት ታይቷል። ብርቅ ናቸው፤ የደረሰበትን ሰው ግን «ወሬ ነው» ብሎ ማባረር ነውር ነው። ጤና ተቋም ሄዶ ይመዝገብለት፤ ሪፖርቱ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይላካል።

ጥያቄ፦ ፀጉሬ በእፍኝ እየረገፈ ነው።

መልስ፦ ከባድ ትኩሳት ካለፈ ከ2 እስከ 3 ወር በኋላ ይረግፋል፤ በወራት ውስጥ ይመለሳል። ደም ማነስሽን ግን እዪ።

ጥያቄ፦ የታከምኩበት ካርድ በጦርነቱ ጊዜ ጠፋ። ኮቪድ እንደነበረብኝ ማስረጃ የለኝም። (ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ ወረቀት አያስፈልግህም። በ2014 ስንት ቤትና ሆስፒታል ተዘርፎ ካርድ ያለው ማን ነው? ለሐኪሙ መቼ እንደያዘህ ተናገር፦ «ከመፈናቀላችን በፊት ያዘኝ፣ ከተመለስን በኋላ ድካሙ ባሰ» በለው። ሌሊት የምትባንን ከሆነም አትደብቀው። የጦርነቱ ድንጋጤና የኮቪዱ ድካም አንድ ሰው ላይ አብረው ሊያድሩ ይችላሉ፤ ሁለቱም ይታከማሉ።

ጥያቄ፦ ዝንጅብልና ፌጦ ይረዳሉ? ወይስ ግሉኮስ ልሰቀል?

መልስ፦ ዝንጅብሉን በሻይ ጠጡት፣ ጉሮሮ ያለሰልሳል። ጸበሉም ዱአውም ይቀጥል፤ የግፊትና የስኳር ክኒን ብቻ አይቋረጥ። ግሉኮሱ ግን ለዚህ ድካም አይሠራም፤ በዚያ ብር እንቁላልና ምስር ይገዛል። ስኳሩ ያልተለካ ሰው ላይ መስቀልማ አደጋ ነው።