ለአባ ኮዳው መደብ የትኛው ስፌት ይሻላል?

እህቴ፣ ያ ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ሲጠብቅ የምናየው ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳ፣ በካንቫስ ጥልፍ እንዲህ ያምራል ብዬ አላሰብኩም። እጅሽ ይባረክ። ወፉ አልቆ መደቡ፣ ማለትም በወፉ ዙሪያ ያለው ባዶ ቦታ፣ ብቻ እንደቀረሽ፣ ካንቫሱ (የምትጠልፊበት ባለ ቀዳዳ ጨርቅ) በኢንች 14 ቀዳዳ ያለው እንደሆነና የሶፋ ትራስ እንደምታደርጊው ጽፈሻል። ጥያቄሽ መደቡን በምን ስፌት ልሙላው ነው።

እኔ መጀመሪያ የማየው የት እንደሚውል ነው። ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ረጃጅም ስፌት ብትጠልፊም ማን ይነካዋል? ሶፋ ላይ ግን ሰው ይደገፈዋል፣ ልጅ ይጎትተዋል፣ የእጅ ሰዓትና አምባር ይይዘዋል። ረጅም ስፌት ቶሎ ይመዘዛል።

ስለዚህ ባስኬትዊቭ ነው የምልሽ። ከፊት ተራ ሰያፍ ስፌት ይመስላል፤ ረድፉ ግን በሰያፍ ነው የሚሄደው። ጀርባው እንደ ሰሌን ተጠላልፎ ይወጣል፣ ጠንካራ ነው። በአግድም እየተመላለስሽ ሰፊ መደብ ከሞላሽ ካንቫሱ ወደ ጎን ይጣመምና አርጥቦ፣ ወጥሮ ማቅናት ይመጣል። ባስኬትዊቭ ከዚህ ይገላግልሻል። ክር ይበላል፣ እሱን አልደብቅሽም።

አንድ ነገር ልብ በዪ። አንዱ ረድፍ ወደ ላይ፣ ቀጣዩ ወደ ታች እየተፈራረቁ ነው የሚሄዱት። ሁለት ረድፍ ተከታትሎ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄደ ፊቱ ላይ ሰያፍ መስመር ጎልቶ ይወጣል፤ ባለ አንድ ቀለም መደብ ላይ ደግሞ ይብሳል። እኔ ቡና ደረሰ ሲሉኝ ረድፉን ሳልጨርስ መሀል ላይ አቆማለሁ። ስመለስ ወደ የት እየሄድኩ እንደነበር መርፌዋ ትነግረኛለች።

ይሄ ይሰለቸኛል ካልሽ ሞዛይክ ሞክሪ። አጭር፣ ረዘም ያለ፣ አጭር፤ ሦስቱ ስፌት አንድ ትንሽ ካሬ ይሆናል። ይፈጥናል፣ እንደ ልብም አይመዘዝም። ስኮች የሚባለው ትልልቁ ካሬ ግን ለዚህ ወፍ አይሆንም። ምክንያቱ እግሮቹ ናቸው። በሁለቱ ቀጫጭን እግሮች መሀል ያለው ክፍተት ጥቂት ቀዳዳ ነው። ካሬው እዚያ ሲደርስ ግማሽና ሩብ እየሆነ ይቆራረጣል፤ ዓይንም ወፉን ትቶ እዚያው ይቀራል። ስፌት ከመምረጥሽ በፊት ሁሌም ጠባቧን ቦታ እዪ።

ነጭ ቀለም ተዪው፣ የወፉ ሆድ ይዋጣል። ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ይሻላል። ግን በሐዋሳ ሙቀት እጅ ያልባል፣ ፈዛዛ ክር ደግሞ ወዲያው ይቆሽሻል፤ ቶሎ ቶሎ ታጠቢ።

ክሩን ባንዴ ግዢ። መሀል ላይ ካለቀብሽ ያንኑ ቀለም ብታገኚ እንኳ የሎት ቁጥሩ (አብሮ የተነከረበት ዙር ቁጥር) ከተለየ መደቡ ላይ ያስታውቃል። መጠኑን ለማወቅ አንድ ኢንች በአንድ ኢንች ጥለፊና የበላውን ክር ለኪ፤ በቀረው ስፋት አባዢውና ትርፍ ጨምሪበት። በቀኝ እጅሽ የምትጠልፊ ከሆነ ከላይ ከቀኝ ጥግ ጀምሪ።